ውሃ ላምጣ?

ጋሽ እሬት ደግ ሰው ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፣ ግን አላምነውም። እሬት እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰፈሩ ነው የለጠፈበት፤ እሱም ሰምቷል፣ ይባስ ብሎ ደስ ይለዋል። «ማር ብሆን ኖሮ ልሰው ይጨርሱኝ ነበር» ይላል።

ሥራው ቢላ መቀጥቀጥ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላ እንዳይመስላችሁ። እንጨት ጠራቢዎች ማንኪያ፣ ሳህን፣ የወንበር እግርና የበር ጌጥ የሚቀርጹበት፣ አጠር ያለ፣ ጫፉ ሾል ያለ የመቅረጫ ቢላ ነው። አዲስ ብረት እጁ ገብቶ አያውቅም። የመኪና ባሌስትራ ሲሰበር፣ ሞረድ ጥርሱ ሲያልቅ፣ መጋዝ ሲጣል፣ ዞሮ ዞሮ እሱ ደጃፍ ላይ ይከመራል። ከዚያ ክምር ውስጥ መርጦ፣ አግሎ፣ ቀጥቅጦ ስለት ያወጣለታል። እጁስ እጅ ነበር፤ ይሄን አልነሳውም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የእሱ ቢላ ሰው እጅ ላይ ተሰበረ ሲባል አልተሰማም።

ይሄ ወሬ ግን የእሱ አይደለም፣ የልጁ ነው። ልጅቷ ስላችሁ ትንሽ ልጅ እንዳትጠብቁ፤ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። አባቷ «አንቺ» ይላታል፣ ደንበኛው «ልጅቷ» ይላታል፣ ሰፈሩ ደግሞ «ወናፏ» ይላታል። በስሟ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷ የሞተችው ልጅቷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሳምንት ሳይሞላ አባትየው ደብተሯን ከእጇ ተቀብሎ እሳት ማያያዣ አደረገውና ወናፉ ፊት አስቀመጣት። «ለጊዜው ነው» አላት። ያ ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ሆነው።

ሥራ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች የተረገጠ አፈር፣ ግድግዳዋ ጥላሸት ጠጥቶ ጠጥቶ የጠገበ። ከአሮጌ የከባድ መኪና ቸርኬ የተሠራው ምድጃ መሀል ላይ ነው። ከጎኑ መቀጥቀጫ የሆነው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ግንድ ላይ ተቸንክሯል፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት የተሞላ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የውሃ ባልዲ። ልጅቷ ከወናፉ ጋር ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ጥግ በሩ አይታይም፤ እሳቱና የአባቷ እጅ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ስለዚህ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እሱን ስታይ ኖረች። አንድም ቀን ቁጭ አድርጎ ያስተማራት ነገር የለም፤ የምታውቀውን ሁሉ የሰረቀችው በዓይኗ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ለትዳር የጠየቃት ሰው ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ንጹሕ የሆነ ሰው፣ ሥራ ቤቱ ድረስ መጥቶ አባቷን አናገረ። ጋሽ እሬት መዶሻውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «ምን ልታደርጋት ነው? ቤትህ ምድጃ አለ እንዴ? ይቺ እኮ ከመንፋት ሌላ አታውቅም» አለው። ሰፊው ሳቀ። የአባቷንስ ለምዳዋለች፤ የዚያ ሰው ሳቅ ነው እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚያሳርራት። ሰፊውም ተመልሶ አልመጣም።

አሁን ስለ ቀለም ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ቢላ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ይጠነክራል፣ ግን ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ስለቱን በድንጋይ ፍቀው ካበሩት በኋላ፣ የጋለ ወፍራም ብረት ላይ አጋድመውት ይጠብቃሉ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲገባበት ቢላው ላይ ቀለም ይወጣል። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ አመድ። የመቅረጫ ቢላ ገለባው ላይ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ መጣል አለበት። ቀድሞ ከተነሣ እንደ ብርጭቆነቱ ይቀራል፤ ከቆየ ደግሞ ለስልሶ እንጨት አይበላም። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው አሥር እስኪቆጠር ነው። ዳኛውም ዓይን ብቻ ነው።

የጋሽ እሬት ዓይን ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት ከዳው። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ላይ ያፈጠጠ ዓይን ነው፣ ምን ይጠበቃል። አልታወረም። ሰው ይለያል፣ ብርሃን ያያል፣ ብረት ሲግል ያውቃል፤ ቀለም ግን ጠፋበት። ቢጫውም ሰማያዊውም አንድ ሆነበት። የመጀመሪያው ቀን እንደ ቀልድ፣ «ዛሬ ጭሱ በዛ፤ ገለባው መጣ እንዴ?» አላት። «መጣ» አለችው። በማግስቱም ጭሱ በዛ። በሳምንቱም በዛ። በወሩ ምድጃው ምንም ጭስ ሳይኖረው ቢላውን አጋድሞ ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር፣ ሳይነግራት ገባት።

ሰው በሌለበት ሲሆን ቀላል ነው፤ ደንበኛ ፊት ግን «መጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ቀጥቃጭ ቀለም አያይም ከተባለ አለቀለት። ስለዚህ ምልክት አበጀ። «ሰው ካለ፣ ገለባው ሲመጣ ‹ውሃ ላምጣ?› በይ። እኔ ‹አምጪ› እላለሁ፣ ቢላውን አነሣለሁ። ከዚያ ሄደሽ ታመጫለሽ» አላት። እንዲህ ተባለ፣ እንዲሁ ሆነ። ባልዲው ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ «ውሃ ላምጣ?» ትላለች፣ «አምጪ» ይላል፣ ቢላው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እሷም ሌላ ባልዲ ተሸክማ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ደንበኞች ይስቁባታል። «ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ ውሃ በውሃ ላይ» ይላሉ። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ አብሯቸው ይስቃል። «ምን ላድርጋት፣ ጭንቅላቷም ወናፍ ነው፤ ነፋስ ብቻ» ይላል። የዚያን ዕለት እሷ ያየችላቸውን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ይሄዳሉ።

ለምን ቻለችው? እኔም ጠይቄያለሁ። አንዲት ነገር ስለምትፈልግ ነው። ጋሽ እሬት ማህተም አለው፤ ጣት የምታህል ብረት ናት፣ ጫፏ ላይ ሦስት ነጥብ አለ። ቀጥቅጦ በጨረሰው ቢላ አንገት ላይ ያስቀምጣትና በመዶሻ አንዴ ቸብ ያደርጋታል። ሦስቱ ነጥብ ያረፈበት ቢላ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ያቺን ማህተም በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ሲተኛም አያወልቃትም። ልጅቷ የምትፈልገው አንድ ቀን ማህተሙን በእጇ ይዛ እንድትመታ፣ ይሄ የእሷ ሥራ ነው እንዲባል ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ሁለት ጊዜ ጠይቃው ሁለት ጊዜ «የወንድምሽ ነው» ብሏታል። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በየሦስት ወሩ የተሰበረ ባሌስትራ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ይጥላል፣ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ሞረድና መሮ አይለይም። «ይማራል፤ ወንድ ነው» ይላል አባቱ።

ታዲያ አንድ ቀን ትልቁ ጠራቢ መጣ። በሥሩ ብዙ ሠራተኞች ይዞ የሚያስቀርጽ፣ ጠና ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። እሱ የያዘውን ቢላ ሌላው ጠራቢ ሁሉ ይፈልገዋል፤ እሱ የጣለውን ማንም አያነሣውም። ለጋሽ እሬት የሠላሳ ዓመት ደንበኛው ነው። አሥራ ሁለት ቢላ አዘዘና ሄደ።

እሱ እንደወጣ ልጅቷ ወናፉን ትታ ተነሣች።

«አባዬ፣ አንድ ቢላ ለብቻዬ ልሥራ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ጠራቢው ይፈትነው። ካለፈ ማህተሙን እኔ ልምታበት።»

እንደ ልማዱ የሚሰድባት መስሏት ነበር። እሱ ግን አገጩን አከከና «እሺ» አለ። እሺ የሚለው ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምታ ስለማታውቅ ክው አለች።

«ብረቱን ግን እኔ ነኝ የምመርጥልሽ» አላት።

ወደ ደጃፉ ክምር ወጣ። ትንሿን መዶሻ ይዞ አንድ ባሌስትራ አነሣ፣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መታ አደረገው፣ ጣለው። ሌላ አነሣ፣ መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ጣለው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሲያደርግ አልፎ አልፎ ታየዋለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያደርገው እሷ ከሰል ልታመጣ ስትሄድ ነው። «ምን እያደረግህ ነው?» ብትለው፣ «ዝገቱን እያራገፍኩ ነዋ» ነበር መልሱ። በመጨረሻ አንዱን ይዞ ቆመ። ደግሞ መታው። ደግሞ ሰማው።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለና ሰጣት።

ልጅቷ ብረቱን አገላብጣ አየችው። ውፍረቱ ደህና፣ ዝገቱ ቀላል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ። ዓይኗ አንድም እንከን አላገኘበትም። ዓይኗን ደግሞ ታምነዋለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሁለት ሰው ያየ ዓይን ነው።

አራት ቀን ሠራች። በአንድ እጇ ወናፉን እየነፋች፣ በአንድ እጇ ጉጠቱን ይዛ፣ አግላ ቆረጠችው፣ ቀጥቅጣ ሳበችው፣ ጫፉን አሾለችው። እጇ ላይ ብልጭታ ሲያርፍ እጇን አላነሣችም። ሞረደችው፣ አግላ ዘይት ውስጥ ነከረችው፣ በድንጋይ አበራችው፣ የጋለው ብረት ላይ አጋደመችው። ገለባው ሲመጣ ለማንም ሳትናገር በገዛ እጇ አንሥታ ውሃ ውስጥ ጣለችው። ያቺ ደቂቃ በሕይወቷ የቀመሰቻት ጣፋጭ ነገር ነበረች፤ እውነቴን ነው። እጀታውን ከተሰበረ የወንበር እግር ጠርባ ገጠመችለት።

አባቷ ቢላውን ተቀበላት። በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳበሰ። በጥፍሩ አንዴ ጠቅ አደረገና ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ቆንጆ ነው» አለ።

ሃያ አራት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ወደ ጓሮ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ተመለሰች።

ጠራቢው በቀጠሮው መጣ። ለደንበኛ የተቀመጠችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ከከረጢቱ ደረቅ እንጨት አወጣ፣ መሀሉ ላይ ጠንካራ ጉጥ ያለበት። ቢላውን ከልጅቷ ተቀበለ። መጀመሪያ በለስላሳው በኩል ላጠ፤ ልጡ ሳይቆረጥ እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። «እህ» አለ። ደግሞ ላጠ። ቀና ብሎ አያት፤ ሰው አድርጎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እሷም ፈገግ አለች። ከዚያ ስለቱን ጉጡ ላይ ተከለና ጠምዘዝ አድርጎ ገፋ። ቢላው ከአንገቱ ቀጭ አለ። የተሰበረው ስለት ተፈናጥሮ የግራ አውራ ጣቱን ሥር ቀደደው። ደሙ ነጩ ልጥ ላይ ተንጠባጠበ።

ጋሽ እሬት ከሰውዬው ቀድሞ ብድግ አለ። ደሙን ሳያይ፣ ምን ሆነ ሳይል፣ «ይቅር በላት። ሴት ናት። ጥፋቱ እሺ ያልኩት የኔ ነው» አለ።

ጠራቢው ጥርሱን ነክሶ እጁን በመሀረብ ጠቀለለ። «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ካንተ ቤት አላየሁም» አለ። «አሥራ ሁለቱን ራስህ ትሠራለህ። ቀለም የሚወጣበት ቀን እዚሁ ተቀምጬ አያለሁ። ይቺ ልጅ ከወናፉ ሌላ ምንም ነገር እንዳትነካ።»

«እሷን ተዋት፣ ትንፋ» አለ ጋሽ እሬት።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ልጅቷ መሬት ላይ ተንበርክካ ስባሪውን ለቀመች። የተሰበረበትን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ግማሹ አዲስ ስብራት ነው፣ እንደ ጨው ያብለጨልጫል። ግማሹ ግን ጥቁር ነው፣ ጥላሸት የለበሰ። ጥቁሩ እሳት አይቷል ማለት ነው፤ ቢላው ከመሠራቱ በፊት ብረቱ ውስጡ ተሰንጥቆ ነበር። ከባሌስትራው የተረፈውን ቁራጭ ከምድጃው ሥር አወጣች። የአባቷን ትንሽ መዶሻ አነሣች፣ ቁራጩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መታችው። ደብ አለ፣ እንደ ጭቃ። ከደጃፉ ሌላ ባሌስትራ አምጥታ መታች። ጥንን ብሎ ረጅም ጮኸ። ደግማ የመጀመሪያውን መታች። ደብ።

«አሁን ሰማሽው?» አለ አባቷ ከተቀመጠበት።

መዶሻውን ሐዲዱ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ገና ወንድምሽ ከመኪናው ሲጥለው ነው የሰማሁት። ዓይን አለኝ ብለሽ ኮራሽ። ብረት በጆሮም ይታያል፤ ያንን አልሰጠሁሽም።»

«የሰውዬውስ እጅ?»

«የሱ እጅ ይድናል። ያንቺ ግን አይድንም።» ይሄን ሲል ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «ማህተሜን ስትጠይቂኝ ገብቶኛል። ዓይኔን ወስደሻል፣ ስሜን ልትጨምሪ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ካንቺ እጅ ቢላ የሚቀበል ጠራቢ ካለ ጥሪኝ። በይ ተነሺ፣ እሳቱ እየጠፋ ነው።»

አለቀሰች ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ደም የነካውን ልጥ ሰበሰበች፣ እሳት ውስጥ ጨመረችው፣ ተቀምጣ ነፋች።

አሥራ ሁለቱን ለመቀጥቀጥ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መቀጥቀጡን አሁንም ይችልበታል፤ ክንዱ ያውቀዋል። አንድ በአንድ እየደረደረ፣ በሦስቱ ነጥብ እየመታ፣ ዘይት እያጠጣ ጨረሰ። በእነዚያ ቀናት ልጅቷ ከ«እሺ አባዬ» ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። እሱም ቅስሟ እንደተሰበረ አየና ደስ አለው፤ ማታ ማታ ዳቦውን ሲቆርስ ያንጎራጉር ጀመር።

ጠራቢው የሚመጣበት ቀን ጠዋት ድምፁን አለስልሶ፣ «ውሃውን እንዳትረሺ» አላት።

«አልረሳም» አለችው።

ጠራቢው መጣ። አውራ ጣቱ አረንጓዴ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ዱካው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ እሬት ጉጠቱን በእጁ፣ ባልዲውን ከጎኑ አድርጎ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቢላዎች የጋለው ብረት ላይ አጋደመ። ልጅቷ ወናፉን አቆመች።

ገለባው መጣ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ቢጫ፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ እየፈሰሰ። አየችው። አፏን አልከፈተችም።

ጋሽ እሬት አንገቱን ወደ ጥጉ ዘንበል አደረገ። ቡናማው መጣ።

«አንቺ፣ ውሃ አላነሰም?» አለ።

«ባልዲው ሙሉ ነው አባዬ።»

ወይን ጠጁ መጣ። «ውሃ…» አለ ደግሞ፣ ድምፁ ቀጠነ።

«ሙሉ ነው እኮ አልኩህ።»

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ጠራቢው። «ሰማያዊ ሆነ እኮ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ለእነዚህ እንደሱ ነው» ብሎ ሦስቱንም ውሃ ውስጥ ጣላቸው። ሁለተኛዎቹን ሦስት አጋደመና ፈራ፤ አምስት እንኳ ሳይቆጠር፣ ምንም ቀለም ሳያወጡ አነሣቸው። ሦስተኛዎቹ ላይ እንደገና ታገሠ። ገለባው መጣ፣ ሄደ። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ታያለች። ደስ ብሏት ነበር፤ አልዋሽላትም፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ሰማያዊው መጣ፣ ሄደ። ቢላዎቹ አመድ ሆነው ቀሩ፣ እሱ አሁንም ቆሞ ይጠብቃል።

ጠራቢው ተነሣ። የታመመ እጁን አባትየው ፊት ዘረጋ።

«ይሄ ጨርቅ ምን ቀለም ነው?»

«ነጭ ነዋ። ቁስል በምን ይታሰራል?» አለ ጋሽ እሬት።

ጠራቢው እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ለመሆኑ እስከ ዛሬ ማን ነው ሲያይልህ የኖረው?» አለው።

ልጅቷ ቀና አለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንዲት ቃል ናት፣ «እሷ» የምትል። ያቺን ቃል ከአፉ ብትሰማ ኖሮ፣ ዓይኔ ግንባር ይሁን፣ ሁሉንም ትረሳለት ነበር። የደብተሯን፣ የሰፊውን፣ የተሰነጠቀውን ብረት እዚያው ወለሉ ላይ ትታ፣ ተነሥታ አሥራ ሁለቱንም አድሳ ትሠራለት ነበር። እሱም አማራጭ አልነበረውም፤ ከመዋረድ የሚያድነው ያ ቃል ብቻ ነው።

«ማንም» አለ ጋሽ እሬት። «እኔው ነኝ።»

ጠራቢው ወደ ጥጉ ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

አልመለሰችም። ከእሷ አፍ ሳይሆን ከአባቷ እንዲወጣ ነው የፈለገችው።

«እሷ?» አለ አባቷ፣ ሳቀ። «እሷ ወናፍ ነው የምትነፋው። እጅህን ረሳኸው እንዴ?»

ጠራቢው አውራ ጣቱን አየ። ልጅቷን አየ። አመነው። ሰው የገዛ ቁስሉን ከማመን ውጪ ምን ያደርጋል? ከረጢቱን አነሣ፤ «ቢላዎቹን አልፈልግም። ለሌሎቹም እነግራለሁ» ብሎ ወጣ። ጋሽ እሬት እግሩን እየጎተተ ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ አልተነሣም፣ እሷም ተነሥ አላለችውም።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያዛት እሳቱን አነደደች። አባቷ በርጩማው ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ሙቀቱ አዙሮ ይሰማል። አሥራ ሁለቱን ቢላዎች ሐዲዱ ላይ ደረደረች፣ አንዱን አነሣች፣ ስለቱን በጉጠት አጥብቃ አንገቱ ላይ ሞረድ አሳረፈች።

ሞረድ ስለት ላይ ሲሄድ ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነው። አንገት ላይ ሲሄድ ወፍራምና አጭር ነው። ጋሽ እሬት ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። እጁ ወደ ደረቱ ሄደና በሸሚዙ ላይ ማህተሟን ጨበጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሞረዱ ሄደ፣ መጣ።

«አንቺ። ሦስቱን ነጥብ እየፋቅሽ ነው?»

ሞረዱ ሄደ፣ መጣ። የብረቱ ብናኝ ጉልበቷ ላይ ተከመረ። ነጥቦቹ የነበሩበትን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ ልሙጥ ነው። ቢላውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ በትንሿ መዶሻ መታችው። ጥንን አለ። ሁለቱም ሰሙት።

«ተይ» አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲለምን ሰምታው አታውቅም። «ተይ ልጄ።»

ልጄ ያላት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ዘግይቶበታል። ቢላውን እሳት ውስጥ ከተተችና ነፋች። ሲግል ዘይት አጠጣችው፣ በድንጋይ አበራችው፣ የጋለው ብረት ላይ አጋደመችው። ዓይኗን አልነቀለችም። ገለባው ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ስለቱ መውረድ ሲጀምር፣ ወደ አባቷ ዞራ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለችበት በዚያ ድምፅ፣

«ውሃ ላምጣ?» አለችው።

አፉ ከሐሳቡ ቀደመ።

«አምጪ» አለ።

ቢላውን በራሷ እጅ አንሥታ ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሣችና ሞረዱን አንገቱ ላይ አሳረፈች።